ለሁለት ከባድ ሰው ስንት ሲሲ ሞተር ይበቃል?

ሰላም ወገን! ሞተር ልገዛ ነው፤ ሲሲው (የሞተሩ መጠን) ላይ ግን ግራ ገብቶኛል። እኔ 112 ኪሎ ነኝ፣ ባለቤቴ 68 (እንዳትነግሩብኝ!)። ከኮምቦልቻ ደሴ አብረን ነው የምንመላለሰው።

የወንድሜን 125 ሲሲ ሞከርናት። ሜዳው ላይ አትታማም። ሐረጎ ዳገት ላይ ግን በሁለተኛ ማርሽ ታቃስታለች፤ ባጃጅ ሳይቀር ይቀድመናል። ከፍታው ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፣ ካርቡሬተር (ነዳጅና አየር የሚቀላቅለው ክፍል) ያላት ሞተር ደግሞ ጉልበቷ ይወርዳል። ጉድጓድ ስታገኝ የኋላ አሞርዛተሯ (ንረቱን የሚያለዝበው) ቁጭ ይልና ጎማው ጭቃ መከላከያውን ይፍቃል። ቁልቁለቱ ላይማ የፍሬኑን ነገር አታንሱብኝ።

ጓደኞቼ 150 ይበቃሃል ይላሉ። መካኒኬ ከ200 በታች እንዳትነካ ብሎኛል። ነዳጁስ ታዲያ?

በኔ ኪሎ ሰው ጭናችሁ ዳገት የምትወጡ፣ ምን ትነዳላችሁ? 150ውን ገዝቼ አሞርዛተሩን ባስጠነክር ያዋጣል ወይስ ገንዘብ ማባከን ነው?