ለትራክ ቀን የፍሬን ሸራ፦ ሰሚት ፖይንት ለምትገቡ የጂአር86 ልጆች ጥቆማ

ከዲሲ፣ ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ ልጆች አንድ ዓይነት ጥያቄ እየመጣ ነው። «ጂአር86 አለኝ፣ ሰሚት ፖይንት ልገባ ነው፣ የትኛውን ሸራ ልግዛ?» የሱባሩ ቢአርዜድ ያላችሁም ያው ናችሁ፣ የቶዮታው ጂአር86 መንትያ ነው። ለማያውቅ፣ ሰሚት ፖይንት ዌስት ቨርጂኒያ ያለ የመኪና እሽቅድምድም ትራክ ነው፣ ትራክ ቀን ደግሞ የራስን መኪና ይዞ እንዲህ ያለ ትራክ ላይ የሚነዱበት ቀን ነው። የማውቀውን ላስቀምጥ፣ የተሻለ የምታውቁ ጨምሩበት።

መጀመሪያ ግን ሸራ አትግዙ። የፍሬን ዘይት ግዙ።

የከተማ ዘይት ለከተማ ነው። ዶት የሚባለው የፍሬን ዘይት ደረጃ ነው፤ አዲስ ዶት 3 በደረጃው መሠረት ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይፈላ መቆየት አለበት፣ ዶት 4 ደግሞ እስከ 230። እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን ወደ 140 እና 155 ይወርዳል፣ እርጥበት መጠጣቱ ደግሞ አይቀርም። የእሽቅድምድም ዘይቶች ሌላ ዓለም ናቸው። ኤቲኢ ቲፕ 200 እስከ 280፣ ሞቱል አርቢኤፍ 600 እስከ 312 ዲግሪ ይችላሉ። ካስትሮል ኤስአርኤፍ 320 ነው፣ ትልቁ ነገር ግን እርጥበት ከጠጣ በኋላም 270 መቻሉ ነው። ዋጋው ያስደነግጣል። በዓመት አንዴ ሁለቴ ለምትገቡ ኤቲኢው ይበቃል፣ ወቅቱን ሙሉ ለምትመላለሱ ሞቱል፣ ዘይት መቀየር ለሚሰለቸው ኤስአርኤፍ።

ዘይትና ሸራ ሲደክሙ እግር ላይ የሚሰማው ይለያያል፣ ይህን ሳያውቁ ገንዘብ የሚያባክኑ ብዙ ናቸው። ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ጠንክሮ መኪናው ግን አልቆም ካለ ችግሩ ሸራው ነው። ከአቅሙ በላይ ግሎ መያዝ አቅቶታል። ፔዳሉ ለስልሶ ወደ ወለሉ ከወረደ ደግሞ ዘይቱ ፈልቷል፣ መስመሩ ውስጥ አረፋ አለ፣ እናንተ የምትገፉት ያንን አረፋ ነው። እዚህ ላይ ውድ ሸራ ምንም አያደርግላችሁም። እንዲያውም ጥሩ ሸራ ሙቀት እየቻለ ስለሚቀጥል ካሊፐሩን (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነውን ክፍል) የባሰ ያግለዋል። ለዚህ ነው ዘይቱን ያስቀደምኩት። በሁለቱም ጊዜ ግን ፍጥነት ቀንሳችሁ፣ ፍሬን ሳትይዙ አንድ ዙር አቀዝቅዛችሁ ውጡ። «አንድ ዙር ልጨምር» አይባልም።

አሁን ወደ ሸራው።

ሰሚት ፖይንት ዋናው ትራክ 2 ማይል ነው፣ 10 መታጠፊያ አለው። ረጅሙ ቀጥታ 2,900 ጫማ ገደማ ሲሆን መጨረሻው ላይ ጠባብ የቀኝ መታጠፊያ ይጠብቃችኋል። በሰዓት ከ100 ማይል በላይ እየበረራችሁ ትደርሱና እዚያው ትረግጣላችሁ። ከ100 ማይል ለመቆም የሚወጣው ሙቀት ከ50 ማይል ከሚወጣው 4 እጥፍ ነው፣ ሁለት እጥፍ አይደለም። ያ ደግሞ በየዙሩ ይደጋገማል። ከቁልቁለቱ በኋላ 5ኛው መታጠፊያ ላይም ሌላ ጠንከር ያለ ፍሬን አለ። እዚያው ግቢ ያለው ሸናንዶዋ የሚባለው ሌላው ትራክ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ መታጠፊያው ግን ስለሚበዛ ፍሬኑ የሚተነፍስበት ጊዜ ያጥረዋል። ቪአይአር (ቨርጂኒያ ያለው ሌላው ትራክ) የምትሄዱ ደግሞ 3.27 ማይል ከነረጅሙ የኋላ ቀጥታ ይጠብቃችኋል፣ እዚያ በከተማ ሸራ መግባት ቀልድ ነው።

የኔ ምርጫ ካርቦቴክ ወይም ጂሎክ ነው። ሁለቱም ኖርዝ ካሮላይና ያሉ የሸራ ፋብሪካዎች ናቸው፣ ለኛ ቅርብ ነው፣ ቶሎ ይደርሳል። አሰያየማቸውም ይመሳሰላል። የካርቦቴክ ኤክስፒ8 እና የጂሎክ አር8 ለጀማሪና ለመንገድ ጎማ የሚሆኑ ናቸው። ኤክስፒ10 እና አር10 አንድ ደረጃ ከፍ ይላሉ፣ ኤክስፒ10 እስከ 800 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይሠራል ይላል ፋብሪካው። እነዚህን የምወድበት ምክንያት መያዛቸው ብቻ አይደለም፣ አለቃቀቃቸው ነው። እግራችሁን ስታነሱ እኩል ይለቃሉ። ወደ መታጠፊያው ፍሬን ይዞ ለሚገባ ሰው ያ ወርቅ ነው። ሌላው ጥቅም፣ እዚያው ፋብሪካ ለከተማ የሚሠራውን ሸራ ካሰራችሁ ዲስኩ ላይ የሚቀረው ሽፋን ስለሚስማማ ከትራክ በፊትና በኋላ መቀያየሩ ይቀላል።

ሀውክ ዲቲሲ-60 የወንድ ፍሬን ነው ይሉታል ልጆቹ (ሴቶቹም ይነዱታል፣ ስሙን እነሱ ያውጡለት)። ገና ሲነካ ይይዛል። ሥራውን የሚጀምረው ግን 200 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ቀዝቃዛ ጠዋት ከቤት ስትወጡ የመጀመሪያው መብራት ላይ ልባችሁ ይወርዳል። ዘይቱ የታደሰ፣ ጎማው የሚለጠፍ፣ መኪናው በተጎታች የሚሄድ ከሆነ ጥሩ ነው። ለጀማሪ አልመክርም።

ሀውክ ኤችፒ ፕላስ ላይ ጥያቄ ይበዛል፣ ምክንያቱም «ለመንገድም ለትራክም» ተብሎ ይሸጣል። ይጮኻል፣ አቧራው ብዙ ነው፣ ይህን ፋብሪካው ራሱ አይደብቅም። የሙቀት ጣሪያው 430 ዲግሪ አካባቢ ነው። ለፓርኪንግ ሜዳ ውድድር፣ ኮን እየዞሩ ለሚነዱት፣ ሁነኛ ሸራ ነው። ለሰሚት ዋናው ትራክ ግን፣ ትንሽ ፈጠን ካላችሁ፣ ያጥራል።

ፌሮዶ ዲኤስ2500 እስከ 500 ዲግሪ ነው። ከሁለት ዓላማ ሸራዎች መካከል ለኔ ሚዛናዊው እሱ ነው። ሸራ መቀያየር የማይፈልግ፣ አፓርትመንት የሚኖርና መኪና ማንሻ አውጥቶ መሥራት የማይፈቀድለት ሰው እሱን ይውሰድ። ኢቢሲ የሎስታፍ ደጋፊም ነቃፊም አለው፣ እኔ ለመንገድ ብቻ እለዋለሁ። ፓጊድ ቢጫው ረጅም ዕድሜ አለው፣ ፖርሽ ያላቸው ልጆች ይምሉበታል፣ ለኛ መኪና ግን ዋጋው አይመጥንም።

ጎማችሁን ሳታዩ ሸራ አታዙ። ተራው ጂአር86 ባለ 17 ኢንች ቸርኬው ሚሼሊን ፕራይመሲ ይዞ ነው የወጣው፣ ያ ጎማ ለቁጠባና ለምቾት የተሠራ ነው። እሱ ላይ ከኤክስፒ10 የሚበረታውን ኤክስፒ12 ብታስሩ ኤቢኤሱ እግራችሁ ስር ይንቀጠቀጣል እንጂ መኪናው ቶሎ አይቆምም። የበለጠ የሚይዘው የሚሼሊን ጎማ፣ ፓይለት ስፖርት 4፣ ላለው ኤክስፒ8 ወይም አር8 ከፊት፣ ከኋላ በአንድ ደረጃ ለስለስ ያለ። ከኋላ ጠንከር ብሎ የሚይዘውን ከፊት ለስለስ ካለው ጋር አታስሩ፣ መኪናው ዞሮ የመጣችሁበትን ያሳያችኋል።

ማን ይግጠመው? ዲለር ብዙውን ጊዜ ደንበኛ ይዞት የመጣውን ዕቃ አይገጥምም፣ ቢገጥምም የእጅ ዋጋው ሌላ ሸራ ይገዛል። እኔ የምልከው ወደ ሐበሻ ጋራዥ ነው፣ አሌክሳንድሪያም ሲልቨር ስፕሪንግም ሞልቷል። ቀኑን ሙሉ የኡበር ካምሪና ፕሪየስ ፍሬን ሲቀይሩ የሚውሉ ሰዎች እጃቸው ፈጣን ነው። ችግሩ ዕቃው ላይ ነው። ሸራውን ገልበጥ አድርጎ አይቶ «ወንድሜ፣ ይሄ ይጮኻልኮ፣ ሴራሚክ ላድርግልህ» ይላችኋል። ለናንተ አስቦ ነው፣ እናንተ ግን «ይጩህ ጋሼ» በሉ። ዘይቱንም ያልተከፈተ ጠርሙስ ይዛችሁ ሂዱ፣ አሮጌው ሙሉ በሙሉ ወጥቶ በአራቱም ጎማ በኩል ከፍሬን መስመሩ አየሩ እስኪወጣ አብራችሁ ቁሙ። በመጨረሻ የጎማውን ዳዶ በመለኪያ ቁልፍ 120 ኒውተን ሜትር እንዲያጠብቁ ንገሩ፣ በአየር መፍቻው ብቻ አይተዉት። የእሽቅድምድም መኪና የሚያዘጋጁ ጋራዦች ደግሞ ይወደዳሉ፣ ግን የትራክ መፈተሻ ወረቀታችሁን ሞልተው ይፈርማሉ። አብዛኛው አዘጋጅ ዘይቱ በቅርብ ወራት መቀየሩንና ሸራው ቢያንስ ግማሽ መቅረቱን ይጠይቃል፣ የክፍያ ደረሰኙን አትጣሉ።

አዲስ ሸራ መሟሸት አለበት፣ እንደ ምጣድ። ባዶና ሕጋዊ ቦታ ላይ ከፍ ካለ ፍጥነት ጠንከር አድርጋችሁ ቀንሱ፣ ሳትቆሙ እንደገና ፍጠኑ፣ ደጋግሙት። ሽታው ይመጣል፣ አትደንግጡ። ከዚያ ፍሬን ሳትይዙ እየነዳችሁ አቀዝቅዙት። የጋለ ፍሬን ረግጣችሁ ከቆማችሁ ሸራው ዲስኩ ላይ አሻራውን ይተዋል፣ ከዚያ መሪው ይርገበገባል፣ ሰውም «ዲስኩ ተጣመመ» ይላል። አንዳንድ ፋብሪካ ተጨማሪ ከፍላችሁ የተሟሸ ይልካል፣ ጊዜ ለሌለው ጥሩ ነው። ከትራክ ስትወጡም የእጅ ፍሬን አትያዙ፣ ማርሽ ውስጥ ትታችሁ ጎማ ስር ማገጃ አድርጉ። ቤት ስትደርሱ ቸርኬውን ቶሎ እጠቡት፣ የትራክ ሸራ አቧራ ውኃ ሲነካው ዝጎ ይጣበቃል፣ ነጭ መኪና ያላችሁ በተለይ።

አንድ ነገር ስታዙ፦ በቅርብ የወጡት ጂአር86 አንዳንዶቹ ብሬምቦ ፍሬን አላቸው፣ የፊቱ ባለ 4 ፒስተን። የሸራው ቅርጽ ከተራው አይገጥምም። የሰው መኪና ከገዛችሁ ዓመቱን ብቻ አትመኑ፣ በቸርኬው ቀዳዳ አጮልቃችሁ ካሊፐሩን እዩና እዘዙ።