ደብተራን የፋንታሲ ገጸ ባሕርይ ማድረግ ነውር ነው?

የማራኪዋ፦ ባለፈው እሑድ ቡና ላይ የጀመርነው ክርክር ሳያልቅ ስለተበተንን እዚህ እንጨርሰው። ላልነበራችሁ፦ ሎረን ብላክዉድ የምትባል አሜሪካዊት ደራሲ እ.ኤ.አ. በ2021 «ዊዚን ዚዝ ዊክድ ዎልስ» የተባለ የፋንታሲ ልቦለድ አሳትማለች። ዋናዋ ባለታሪክ አንድሮሜዳ የምትባል ወጣት ደብተራ ናት። ቃሉ ሳይተረጎም «ደብተራ» ተብሎ ነው የገባው። ልጅቷ ካሳደጋት ደብተራ ቤት ትባረርና የምትበላው ስታጣ፣ በረሓ ውስጥ ባለ የአንድ ሀብታም ወጣት ግቢ ትቀጠራለች። ሥራዋ ቤቱን የያዘውን የክፉ ዓይን እርግማን ማስለቀቅ ነው። የታሪኩ አጥንት ከእንግሊዞቹ ልቦለድ ከ«ጄን ኤር» የመጣ ነው፤ ሥጋው ግን ከእኛ አገር።

እኔ ወድጄዋለሁ። ፍርሃቱን አሳምራ ጽፋዋለች፤ ማታ ላይ በረንዳ ወጥቼ ውኃ መቅዳት እስኪያቅተኝ ድረስ። የልጅቷና የወጣቱ ፍቅር ግን ቸኩሏል፤ ሁለቱ ገና ሳይተዋወቁ አንዱ ላንዱ ሊሞት ይደርሳል። እህቴ የላከችልኝ ቅጂ እጄ ላይ አለ፣ ለሚፈልግ አውሳለሁ። ጥያቄዬ ግን ይህ ነው፦ ጎንደር ላይ ቁጭ ብለን ስናነበው እንቆጣ ወይስ ደስ ይበለን?

የበአታው፦ ልጄ፣ እኔ መጽሐፉን አላነበብኩትም፤ በነገርሽን ላይ ብቻ ልናገር። ደብተራ ማለት በግእዙ ድንኳን ነው። ሰውየው ደብተራ የሚባለው ከልጅነቱ አኮፋዳውን አንግቶ፣ በእንተ ስማ ለማርያም ብሎ ለምኖ፣ በውሻ ተነክሶ፣ ዜማውን ቅኔውን፣ የማሕሌቱን ሥርዓት አቋቋሙን ተምሮ ነው። እዚህ በአታ ደጅ ለአቋቋም ምስክር ሊሆን ከስንት አገር ይመጣ ነበር። ይህ ሁሉ ተትቶ ደብተራ ማለት ጋኔን አስወጪ ብቻ ከሆነ ቀሚሱን ወስደው ሰውየውን ትተውታል።

ክታብ የሚጽፍ አልነበረም አልልም። ነበረ፣ አለም፤ ቤተ ክርስቲያኒቱም ድግምቱን ስትገሥጽ ኖራለች። ግን እሱም ቢሆን ሥርዓት አለው። ብራናው የሚለካው በባለቤቱ ቁመት ነው፣ ከራስ እስከ እግር እንዲጠብቅ። ለወላድ ሲሆን የቅዱስ ሱስንዮስ ጸሎት ይጻፍበታል፤ ሕፃናት የምትገድለውን ውርዝልያን ፈረሱ ላይ ሆኖ በጦር ሲወጋት ይሣላል። በመጽሐፉ ውስጥ ይህ አለ?

የማራኪዋ፦ የለም፣ የኔታ። እሷ ጠባቂ ክታቡን የምትሠራው ከብር ነው። በእጇ ነው የምትሠራው፣ ልክ እንደ አንጥረኛ።

የበአታው፦ ይኸው! ብርና ብራናን ያልለየ ሰው ነው የጻፈው ማለት ነው።

የአዘዞው፦ የኔታ ይቅርታ ያድርጉልኝና እኔ አልስማማም። ፋንታሲ የታሪክ መጽሐፍ አይደለም። ደራሲዋ የራሷን ዓለም ፈጥራለች። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣውን የሬቤካ ያሮስን «ፎርዝ ዊንግ» በሦስት ሌሊት ጨርሼዋለሁ። ተማሪዎቹ ዘንዶ ይጋልባሉ። እኛ ቤት ዘንዶ ምንድን ነው? የጊዮርጊስ ፈረስ እግር ሥር ጦር ተሰክቶበት የተኛ አውሬ ነው፤ ወይም ሰው ሲያስገብር የኖረው የአክሱሙ አርዌ። ሰው ሊጋልበው ቀርቶ ሊያዝንለት አይታሰብም። ግን ዘንዶው ልጅቷን ራሱ ሲመርጣት አንጀቴን በላው። ጊዮርጊስን ግን አልካድኩም።

እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው። እዚሁ ጎንደር ያለውን ደብረ ብርሃን ሥላሴን በ1880 ዓ.ም. የሱዳን ድርቡሽ ሊያቃጥለው ሲመጣ ንብ ወጥቶ መለሰው ይባላል። ከዚያ ጣራ የሚያዩን የመላእክት ዓይኖች አሉ። ማታ ማታ ጅብ ሆኖ የሚወጣ ቡዳ አለ፤ ዛር አለ፣ ፈረሱን፣ ማለትም የሚያድርበትን ሰው፣ የሚመርጥ። ይህን ሁሉ ይዘን እኛ ሳንጽፍ ሌላው ሲጽፍ «ተሳሳትክ» እንላለን። እኔ ብጽፍ ባለጋራው ጅብ የሚሆን ቡዳ ነው። አንዱን ገጽ ጀምሬዋለሁ።

የበአታው፦ ንቡን ተወው። ንቡ ለእኛ ተአምር ነው። ፋንታሲ የምትሉት አንባቢው «ይህ አልሆነም» ብሎ ተስማምቶ የሚገባበት ነገር ነው። እኔ ያልተስማማሁበትን አንተ ልቦለድ ስታደርግብኝ የምታወራው ስለ እኔ እምነት ነው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፣ ልጄ።

የፒያሳው መጽሐፍ ሻጭ፦ እኔ ከሥራዬ ልናገር። ወጣቱ ስልኩ ላይ በእንግሊዝኛ አንብቦ ይመጣና «ይህን የመሰለ በአማርኛ አለ?» ይለኛል። ከመደርደሪያዬ የታሪክና የፍቅር መጽሐፍ አውርጄ ሳሳየው ራሱን ነቅንቆ ይሄዳል። ነውር ነው አይደለም ስንባባል ልጆቹ አንብበው ጨርሰዋል።

የወለቃ መንገዱ፦ ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። አሁን ግን የአዘዞው ወንድሜ ስለ ቡዳው የጻፍከው ላይ ቆምኩ።

ሴት አያቴ ሸክላ ሠሪ ነበሩ። ልጅ ሆኜ ቅዳሜ ገበያ አብሬያቸው እወጣ ነበር። አንድ ቀን ጀበና ያዘዘች ሴትዮ ቤት ወሰድንላት። ደጃፍ ላይ ቆምን። ሴትዮዋ ስታየን መጀመሪያ ያደረገችው ሕፃኗን ነጠላ ማልበስ ነው፣ ፊቱን እስኪሸፍነው። ከዚያ ገንዘቡን እጃቸው ላይ አልሰጠችም፣ መደቡ ላይ አስቀመጠችው። አያቴ ጎንበስ ብለው አነሡት። እኔ ጀበናውን አየዋለሁ፤ እጀታው ከተጣበቀበት ሥር የአያቴ የአውራ ጣት ምልክት አለ፣ እንደዚያው ደርቆ ተተኩሶ። ሴትዮዋ በዚያ ጀበና ስንት ዓመት ቡና አፍልታ ጠጥታለች። የአያቴን ጣት ጠጣች፣ የአያቴን ዓይን ፈራች።

እዚህ አካባቢ ቡዳ ሲባል የኖረው ማን ነው? ብረት ቀጥቃጩ፣ ብር አንጥረኛው፣ ሸክላ ሠሪዋ። ወለቃ የነበሩት ቤተ እስራኤሎች ይህን ስም ተሸክመውት ኖረዋል። ጅብ ይሆናሉ የተባሉትም እነሱ ናቸው። ስለዚህ «ባለጋራው ጅብ የሚሆን ቡዳ ነው» ስትል አንተ የፈጠርከው ጭራቅ አይደለም፤ አድራሻ ያለው ሰው ነው።

የኔታ ደግሞ ብርና ብራናን ያልለየ ሰው ብለዋል፤ ልክ ነዎት፣ አልለየችም ይሆናል። ግን እኔ መጽሐፉን ከማራኪዋ ተውሼ አንብቤዋለሁ። ብር የምትሠራዋ ልጅ ናት ከክፉ ዓይን ቤቱን የምታድነው። በእኛ አገር ብር የሚሠራው ሰው ነው ክፉ ዓይን አለው የሚባለው። እዚያ ገጽ ላይ ስደርስ መጽሐፉን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ደራሲዋ ይህን አውቃ ያደረገችው አይመስለኝም። ስሕተቷ ግን አያቴን ከበር ላይ አንሥቶ ወደ ውስጥ አስገባት።

የማራኪዋ፦ እኔ ሁለቴ አንብቤው ይህ አልታየኝም።

የአዘዞው፦ ወንድሜ፣ የጀመርኩትን ገጽ አሁን መልሼ አየሁት። ቡዳውን የሳልኩት መዶሻ ይዞ ነው። ለምን መዶሻ እንደሰጠሁት እኔ አላውቅም፤ እጄ ነው የጻፈው። ግን ፍቀድልኝና ልሟገትህ፦ ታዲያ ቡዳን ጨርሶ አንጻፈው? ከተውነው እኮ ነጠላ የሚያለብሱት ሰዎች ብቻ ናቸው የሚያወሩት።

የወለቃ መንገዱ፦ ጻፈው እንጂ። እኔ አትጻፍ አልወጣኝም። ከአያቴ በኩል ሆነህ ጻፈው። ማታ በሩ ሲንኳኳ፣ ጅብ መጣ ብሎ የሚጮኸው ጎረቤት ሲሰማ፣ ውስጥ ያለችው ሴት ምን ታደርጋለች? እኔ አውቃለሁ፦ እሳቱን ታዳፍናለች፣ ልጆቹን ወደ ጓዳ ታስገባለች።

የበአታው፦ እኔ ስለ ደብተራው የተናገርኩትን አልመልስም። ቅኔ የሌለው ደብተራ አሁንም አይዋጥልኝም። ሴት በመሆኗ ግን አልከራከርም፤ ዓይነ ሥውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ጎጃም ላይ ለወንዱ ቅኔ አስተምረዋል። ስለ አንጥረኛው ግን… ለቤተ መቅደስ የሚገባውን መስቀል የሚሠራው ማን ሆነና። እኔ ራሴ በልጅነቴ የቀጥቃጭ ቤት በር ላይ ሳልፍ አማትብ ነበር። መስቀሉን ደግሞ ስሜ ነው የምውለው።

ማራኪዋ ልጄ፣ መጽሐፉን ለእኔም አቆዪልኝ። እንግሊዝኛዬ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ያን የብሩን ገጽ እያነበብሽ ትተረጉሚልኛለሽ።

የማራኪዋ፦ እሺ የኔታ። ቡናውን እኛ ቤት እናድርገው። የወለቃ መንገዱ፣ አንተም ና፤ ከቻልክ የአያትህን ጀበና ይዘህ።

የወለቃ መንገዱ፦ አንድ ቀርቶኛል። አፉ ተሸርፏል እንጂ ያፈላል።