ካርቶኑ ያልተከፈተ ጂቲ 730 ልግዛ ወይስ አዲሱ እስኪመጣ ልጠብቅ?

የቱሉ ዲምቱዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ቤቴ ውስጥ የሰርግና የልደት ቪዲዮ ኤዲት አደርጋለሁ። ዴስክቶፔ ግራፊክስ ካርድ የለውም፣ ፕሪሚየር ስከፍት ያቃስታል። መገናኛ አንድ ሱቅ ሁለት ካርድ አሳዩኝ። አንዱ ጂቲ 730 ባለ 4 ጊጋ፣ ካርቶኑ ያልተከፈተ። ሌላው አርኤክስ 580 ባለ 8 ጊጋ፣ እሱም «አዲስ ነው» ተብያለሁ። ሻጩ 730ው ይሻልሻል፣ ኤንቪዲያ ነው ይላል። ወንድሜ ደግሞ አሁን አትግዢ፣ አዲሱ ትውልድ ሲወጣ የድሮው ይረክሳል ባይ ነው። እሱ ይህን ማለት ከጀመረ ቆየ፣ እኔ ደግሞ የጥር ሰርግ ተቀብያለሁ። ምን ትላላችሁ?

ፒክስል ጀሞ፦
እህቴ 730ውን ተዪው። ካርቶኑ አዲስ ነው ማለት ቺፑ አዲስ ነው ማለት አይደለም። ካርዱ የወጣው በ2014 ነው (ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)፣ በዚያ ስም ግን ሦስት ዓይነት ተሽጧል። አንዱ 96 ኮር (ስሌቱን የሚሠሩት ክፍሎች) ብቻ ያለው፣ ፌርሚ የሚባለው የቆየ የቺፕ ትውልድ ነው፣ ቺፑ በ2010 በወጣው ጂቲ 430 ላይ የነበረው ራሱ። ሁለቱ 384 ኮር ያላቸው፣ ከእሱ የቀጠለው ትውልድ ኬፕለር ናቸው፣ የአንዱ ሜሞሪ ዲዲአር3 የሌላው ፈጣኑ ጂዲዲአር5። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ግን «4 ጊጋ» የሚለው ብቻ ነው፣ ሰውም እሱን አይቶ ይገዛል። ኤንቪዲያ ለፌርሚ መደበኛ ድራይቨር ማውጣት ያቆመው በ2018፣ ለኬፕለር ደግሞ በ2021 ነው። የአሁኑ ፕሪሚየር የቆየ ድራይቨር ሲያይ ያኮርፋል።

አያት 49፦
ጂቲ 1030 ፈልጊ። ትንሽ ናት፣ መብራትም አትበላም።

ፒክስል ጀሞ፦
@አያት 49 ለኤዲቲንግ? 1030 ላይ ኤንቪኤንክ (ቪዲዮ የሚያምቀው የቺፑ ክፍል) የለም እኮ። ኤክስፖርት ስታደርግ የማመቁ ሥራ ሲፒዩው ላይ ይወድቃል። በዚያ ላይ እሷም ሁለት ዓይነት ናት፤ በ2018 በዚያው ስም ዲዲአር4 ያላት መጣች፣ ከመጀመሪያዋ በጣም ትዘገያለች።

ጋሽ ሶኬት (ቡራዩ)፦
ልጄ፣ ወንድምሽ ያለው በመርህ ደረጃ ልክ ነው፣ ችግሩ አዲሱ በተባለው ቀን አለመምጣቱ ነው። በሴፕቴምበር 2009 የኤንቪዲያ ተፎካካሪ ኤኤምዲ (አርኤክስ የሚባሉት የእሱ ናቸው) ኤችዲ 5870 የሚባለውን ካርድ ገበያ አወጣ። ኤንቪዲያም በዚያው ሰሞን ፌርሚን መድረክ ላይ አሳየ፤ የኩባንያው አለቃ ጄንሰን ሁዋንግ በእጁ ከፍ አድርጎ ያሳየው ግን የማይሠራ ሞዴል ነበር። እውነተኛው ጂቲኤክስ 480 ይፋ የሆነው በማርች 2010 ነው። ቺፑ በጣም ትልቅ ነበር፣ የታይዋኑ ቺፕ አምራች ቲኤስኤምሲም በ40 ናኖሜትር (የፋብሪካው አሠራር ስም ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ አዲስ ነው) ደህና ቺፕ በበቂ መጠን ማውጣት አቅቶት ነበር። በመሃሉ ሱቁ ባዶ አይቀመጥም፣ ስለዚህ ጂፎርስ 210 የነበረው 310 ተብሎ ለኮምፒውተር ገጣጣሚዎች ተሸጠ።

ከዚያ ወዲህም ያው ነው። 20 ናኖሜትሩ ለትልልቅ ግራፊክስ ቺፕ ስላልሆነ ሁለቱም ኩባንያዎች ከ2012 እስከ 2016 ድረስ 28 ላይ ቆዩ፤ ፋብሪካው ካልተራመደ ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ይራመዳል። የኤኤምዲው ኤችዲ 7970 በ2013 አር9 280ኤክስ ሆነ። 290ው በ2015 ሜሞሪ ተጨምሮለት 390 ተባለ። ኤንቪዲያም ቀደም ሲል 8800 ጂቲን 9800 ጂቲ ብሎታል። እዚህ እኛ ጋ ሲደርስ ደግሞ የዱባዩ ነጋዴ ስም፣ የደላላው ስም ይጨመርበታል።

የቱሉ ዲምቱዋ፦
ጋሽዬ አመሰግናለሁ። እንግዲያው 580ው እንዴት ይታይዎታል? እሱም ስሙ የተቀየረ ነው?

ጋሽ ሶኬት (ቡራዩ)፦
አዎ፣ የ2016ቱ አርኤክስ 480 ነው በ2017 ፍጥነቱ ከፍ ተደርጎ 580 የተባለው። ያ አያስከፋም፣ ቺፑ ደህና ነው። የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። 2048ኤስፒ የሚባል 580 አለ፤ ዋናው 2304 ኮር ሲኖረው ይሄ 2048 ነው፣ ማለትም በሥራው ታናሹ አርኤክስ 570 ነው። ለቻይና ገበያ የወጣ ነበር፣ አሁን ግን የትም ታገኚዋለሽ።

ፒክስል ጀሞ፦
ሱቁ ማሽን ላይ ሰክቶ ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን ፕሮግራም ይክፈትልሽ። «ሼደርስ» (የኮሮቹ ብዛት) የሚለው ቦታ ላይ ስንት እንደሚል እዪ። 2048 ካለ የ570 ዋጋ ብቻ ክፈዪ። ባዮሱ (ካርዱ ውስጥ ያለው ሶፍትዌር) ተነካክቶ ሌላ ስም የተለጠፈበት ፎርጅድ ከሆነም አንዳንዴ እዚያው ላይ ይነግርሻል። ማራገቢያዎቹን (ፋኖቹን) ፈታ አድርገሽም አቧራውን እዪ፣ ክሪፕቶ ሲቆፍር የከረመ ካርድ ታጥቦ «አዲስ» የሚባልበት አገር ነው። ሻጩ አልሰካም ካለ ወደሚቀጥለው ሱቅ ሂጂ፣ መገናኛ ሱቅ ሞልቷል።

አያት 49፦
እሺ 1030ን ተውኩት 😅 ግን 580 እኮ 185 ዋት ይበላል፣ ባለ 8 ፒን ገመድም ይፈልጋል። የቢሮ ዴስክቶፖች አብዛኞቹ ያ ገመድ የላቸውም። ፓወር ሳፕላይሽ ስንት ዋት ነው? ጎኑ ላይ ያለውን ወረቀት ፎቶ አንስተሽ ለጥፊልን።