የልጄ ጀርባ በጀርባዬ በኩል ነው፤ ልወልድ ሦስት ሳምንት ቀርቶኛል

የደሴዋ መምህርት፦

ሰላም ለሁላችሁ። የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ 37ኛ ሳምንቴን ይዣለሁ። የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ፤ አሁን ከወሊድ በፊት የሚሰጠውን የ30 ቀን ፈቃድ ወስጄ ቤት ተቀምጫለሁ። ሰኞ ለክትትል ስሄድ አልትራሳውንድ ያየችኝ ባለሙያ «ጭንቅላቱ ወደ ታች ነው፤ ጀርባው ግን ባንቺ ጀርባ በኩል ነው፤ ፊቱ ወደ ሆድሽ ዞሯል» አለችኝና ወረቀቱን ሰጥታ ተረኛዋን ጠራች። ሰልፉ ረጅም ስለነበረ ከዚያ በላይ የሚያስረዳኝ አላገኘሁም።

ነገሩን በሰውነቴም አየዋለሁ። እምብርቴ አካባቢ ሆዴ ጎድጎድ ብሏል። እርግጫው ሁሉ ከፊት ነው፤ እጆቹ ከእምብርቴ በታች ሲርመሰመሱ ይሰማኛል። የሚያሰቃየኝ ግን ወገቤ ነው። ከመቀመጫዬ በላይ ያለው አጥንት ማታ ማታ የሚሰነጠቅ ይመስለኛል። በጀርባዬ ስተኛ ይብሳል፣ ስቀመጥም አይተወኝም፤ ሽንት ቤት ስመላለስ ይነጋል።

አማቴ አብረውን ናቸው፤ እጅግ የምወዳቸው ሴት ናቸው። ሰፈራችን ሆድ የሚያሹ አንዲት እናት አሉ። አማቴም «በለጋ ቅቤ አሽተው ያዞሩልሻል፤ የስንቱን አዙረዋል» ብለው ለቅዳሜ ቀጥረውልኛል። ባለቤቴ ኮምቦልቻ ስለሚሠራ የሚመጣው ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነው፤ እሱም እናቱን እምቢ ማለት ይከብደዋል።

እባካችሁ የምታውቁ ንገሩኝ። ልጁ ይዞራል? ካልዞረ ያለ ኦፕራሲዮን አልወልድም ማለት ነው? መታሸቱስ ይጠቅማል? ሌሊቱንስ እንዴት ልግፋው?

አዋላጅ ነርስ፣ ሐዋሳ፦

እህቴ፣ ቅዳሜ ሳይደርስ ስላገኘሁሽ ደስ ብሎኛል። ከማሸቱ ልጀምር። ሆድሽን ማንም እንዳይጫነው። በዚህ ወር ሆድ በኃይል ሲታሽ እንግዴ ልጁ ያለ ጊዜው ከማህፀን ግድግዳ ሊላቀቅ ይችላል። ደሙ ውስጥ ተጠራቅሞ ወደ ውጭ ላይታይ ይችላል፤ ያን ጊዜ እናትም ልጅም ለሞት ይቀርባሉ። ሐኪም ከውጭ በእጁ የሚያዞረው በመቀመጫው የመጣን ልጅ ነው፤ ያውም ሆስፒታል ውስጥ፣ በአልትራሳውንድ እየታየ፣ የልብ ምቱ እየተለካ፣ የቀዶ ሕክምና ክፍል በቅርብ ባለበት። ያንቺ ልጅ ግን ጭንቅላቱ ታች ነው። መሆን ያለበት ቦታ ላይ ነው፤ የቀረው ፊቱን ማዞር ብቻ ነው።

ቅቤውን ግን ከአማትሽ ተቀበዪ። ወንበር ላይ ወደ ኋላ ዞረሽ ተቀመጪ፤ ትራስ መደገፊያው ላይ አድርገሽ ደረትሽን ጣይበት። ከዚያ ወገብሽን ይሹልሽ፤ የሚያምሽን አጥንት በመዳፋቸው ደገፍ አድርገው ይጫኑት። ብዙ ጊዜ አማቶች ቅር የሚላቸው ምክራቸው ሲናቅ ነው፤ እጃቸው ሥራ ሲያገኝ ደስ ይላቸዋል። ይህ አጫጫን ደግሞ በምጥ ጊዜ ከማንኛውም ነገር በላይ ያስፈልግሻል፤ ከአሁኑ ይልመዱት።

ይዞራል ወይ ላልሽው፣ ምጥ ሲጀምር ከአምስት ሕፃናት አንዱ ገደማ እንዳንቺ ልጅ ሆኖ ይገኛል። ሲወለዱ ግን እንደዚያው የሚቀሩት ከመቶ ከአምስት እስከ ስምንት ያህሉ ናቸው። የሚያዞራቸው ራሱ ምጡ ነው። ማህፀን ሲገፋ ጭንቅላቱ የዳሌን ወለል ጡንቻ ያገኝና ቀስ በቀስ ይዞራል። ጊዜ ይወስዳል። አገጩን ወደ ደረቱ በደንብ ያጠፈ ልጅ የሚያልፈው 9.5 ሴንቲሜትር በሚያህል የጭንቅላቱ ስፋት ነው፤ ፊቱን ወደ ፊት አድርጎ አገጩን ቀና ያደረገው ግን ወደ 11.5 የሚጠጋውን ይዞ ይመጣል። ምጡ የሚረዝመውና ወገብ ላይ የሚበረታውም ለዚህ ነው።

ሳይዞር ሰማይ ሰማዩን እያየ በምጥ የሚወለድም አለ፤ እኔ ራሴ እንዲህ የመጡ ልጆች ተቀብያለሁ። አንዳንዱ በቫኪዩም፣ ማለትም ጭንቅላቱ ላይ ተጣብቆ በሚስብ መሣሪያ፣ ይታገዛል፣ አንዳንዱ ኦፕራሲዮን ያስፈልገዋል። ይህን የሚወስነው የምጡ አካሄድና የልጁ የልብ ምት ነው። የሰኞው ወረቀት አይወስነውም።

በእጅና በጉልበት ተንበርክከሽ ብትቆዪ ልጁ ይዞራል የሚሉሽ ብዙዎች ናቸው። አውስትራሊያ ውስጥ ከ2,500 በላይ ነፍሰ ጡሮች የተሳተፉበት፣ በ2004 የታተመ ጥናት አለ፤ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት በየቀኑ እንዲህ ማድረግ ልጁ ሲወለድ የሚኖረውን አቀማመጥ አልቀየረም። ስለዚህ ለወገብሽ ዕረፍት ብለሽ አድርጊው፤ ባይዞር ደግሞ የአንቺ ስንፍና አይደለም። በልምምድ ብዛት ራሳቸውን ያደከሙ፣ ምጥ ሳይጀምር ጉልበታቸው ያለቀ እናቶች ስለሚያጋጥሙኝ ነው ይህን አጥብቄ የምናገረው።

ለሌሊቱ በጎንሽ ተኚ፤ ግራው ይመረጣል። በጉልበቶችሽ መካከል ወፍራም ትራስ፣ ከሆድሽ ሥር የታጠፈ ጋቢ አድርጊ። ከ28ኛው ሳምንት ወዲህ በጀርባ መተኛት ለልጁም አይመከርም፤ ነቅተሽ ራስሽን በጀርባሽ ተኝተሽ ብታገኚው ግን አትደንግጪ፣ ዞረሽ ተኚ። በሙቅ ውኃ የተነከረ ፎጣ ጨምቀሽ ወገብሽ ላይ አድርጊ። ለማስታገሻ ፓራሲታሞልን ክትትል የምታደርጊበትን ባለሙያ ጠይቀሽ ውሰጂ። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ግን በፍጹም አትንኪ! ፋርማሲ ገብቶ «ለወገብ» ላለ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ዳይክሎፌናክ ስለሆነ ነፍሰ ጡር መሆንሽን ተናገሪ። በዚህ ወር የልጁን ኩላሊትና ከልቡ አጠገብ ያለውን የደም ሥር ይጎዳል።

የወገብ ሕመሙ እየመጣ እየሄደ ከሆነና እየተቀራረበ ከመጣ ምጥ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ የተቀመጠ ልጅ ምጡ ከወገብ ሊጀምር ይችላልና ሆዴን እስኪያመኝ ብለሽ አትጠብቂ። ትኩሳት ወይም ሽንት ሲወጣ ማቃጠል ካለው ኩላሊት ይታይ። የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰ፣ ደም ካየሽ፣ የእንሽርት ውኃ ከፈሰሰ፣ ብርቱ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ከመጣብሽ በዚያው ሰዓት ሂጂ፤ ሌሊትም ቢሆን።

እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፦

የእኔ ሁለተኛ ልጅ እስከ መጨረሻው አልዞረም። ምጡ ከመጀመሪያዬ በጣም ረዝሟል፤ ሁሉም ወገቤ ላይ ነበር። ታላቅ እህቴ ምጡ በመጣ ቁጥር በሁለት ቡጢዋ ስትጫነኝ ትንፋሽ አገኝ ነበር፤ እጇን ስታነሣ እጮህባት ነበር። በኋላ የወገብ ማደንዘዣ ወሰድሁ፤ በጎኔ እያገላበጡኝ ቆየሁና ያለ ኦፕራሲዮን ወለድሁ። ፊቱ ትንሽ አብጦ ነበር፤ በቀናት ውስጥ ጠፋ። ማደንዘዣ በምትወልጂበት ቦታ መኖሩን ከወዲሁ ጠይቂ። ከሌለም እንዳትሰጊ፣ እናቴ እኔን የወለደችኝ ያለ እሱ ነው።

እመ ሐናን፣ ኮምቦልቻ፦

አብሽሪ እህቴ። እኔን ያሳረፈኝ ሱጁድ ነው። ከሰላት በኋላ ግንባሬን ምንጣፉ ላይ እንዳደረግሁ ትንሽ ስቆይ ወገቤ ላይ ያለው ክብደት ወደ ፊት ይሄድልኝ ነበር። ቡና ሳፈላ ደግሞ በርጩማው ዝቅ ያለ ስለሆነ ጉልበቴ ከዳሌዬ በላይ ይሆንና ሕመሙ ይነሣብኝ ነበር፤ ከፍ ያለ ወንበር አምጥቼ እግሬን ከፈት አድርጌ ስቀመጥ ቀለለኝ። ጀበናውን አማትሽ ይያዙት፤ አንቺ ጠጪ። ብዙ እንዳታበዢው እንጂ።

የደሴዋ መምህርት፦

ሲስተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የጻፉትን ለአማቴ ከፍ አድርጌ አነበብሁላቸው። ስለ እንግዴ ልጁ ስደርስ ዝም አሉ፤ ከዚያ የእህታቸው ልጅ በስምንተኛ ወሯ እንዲሁ ታሽታ ደም እንደፈሰሳት ነገሩኝ። ለሴትዮዋ ራሳቸው ሄደው የቅዳሜውን ቀጠሮ ሰርዘዋል። ትናንት ማታ ወገቤን አሹኝ፤ በግራ ጎኔ ተኝቼ ከወትሮው ረዘም ያለ እንቅልፍ አገኘሁ። አሁን የሚጠይቁኝ «ማዋለጃው ክፍል ያስገቡኛል ወይ?» እያሉ ነው። ይቻላል?

አዋላጅ ነርስ፣ ሐዋሳ፦

ብዙ ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች አንድ ሰው ያስገባሉ፤ ክፍሉ በመጋረጃ ካልተከፈለ ግን የሚከለክሉ አሉ። በሚቀጥለው ክትትልሽ አማትሽን ይዘሽ ሂጂና የማዋለጃ ክፍሉን ኃላፊ ጠይቂ፤ ያን ቀን ልጁ ምን ላይ እንዳለም ደግመው ይዩልሽ። ክፍሉ ውስጥ ካላስገቧቸው ምጡ ገና ሲጀምር፣ በኮሪደር ስትመላለሺ አብረውሽ ይሁኑ፤ ወገብ መጫኑ ያኔም ይሠራል። ሽንትሽን ቶሎ ቶሎ ሽኚ፤ የሞላ ፊኛ ጭንቅላቱ እንዳይወርድ ያግዳል። እንዲህ ባለ አቀማመጥ ማህፀኑ በደንብ ሳይከፈት የማማጥ ስሜት ሊመጣብሽ ይችላል፤ ሲመጣ ለአዋላጇ ንገሪያት፤ እስክትመረምርሽ ድረስ አትግፊ፣ በአፍሽ አጭር አጭር ተንፍሺ።