«የአገራችን ድንጋይ ጥራት የለውም» አሉ?

የጉለሌ ጠራቢ፦ ትናንት በሬዲዮ አንድ ኮንትራክተር «የአገራችን ድንጋይ ጥራት የለውም፤ ግራናይት ከቻይና ማምጣት ግድ ነው» ሲሉ ሰማሁ። ጉርሻው ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። አክሱም ላይ የቆመው ታዲያ ሸክላ ነው?

ምርቴ፦ ጀመረን! አክሱምን ሳይጠሩ መከራከር ቀረ? ሰውየው ያወሩት ስለ ሕንፃ ልባጥ ነው። እኔ የዳለቲ እብነ በረድ ከአንድ ሻጭ ገዝቼ፣ ሲራገፍ ሩቡ ተሰባብሮ፣ የቀረውም ውፍረቱ የተለያየ።

የጉለሌ ጠራቢ፦ አየሽ፣ ያ የማሽኑና የመንገዱ ጥፋት ነው። ድንጋዩ ምን አደረገ? «ጥራት የለውም» እና «አቆራረጡ ጥራት የለውም» አንድ ነው?

ምርቴ፦ ለገዢ አንድ ነው።

ጂኦ፦ አክሱም ከተነሳ ለማረም ያህል፣ ሐውልቶቹ ግራናይት አይደሉም። ኔፈሊን ሳይናይት የሚባል ድንጋይ ነው፤ ግራናይት ኳርትዝ የሚባል ማዕድን አለው፣ ይሄ ግን የለውም።

የጉለሌ ጠራቢ፦ እሺ ጌታዬ፣ ሳይናይት። ሐውልቶቹ የወጡበት ጎበድራ የድንጋይ ካባ ድረስ ሄዳችሁ እዩ፤ ከከተማው በስተ ምዕራብ አራት ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ድንጋዩን ለመሰንጠቅ የተበሳው የሽብልቅ ቀዳዳ በተርታ ዛሬም አለ። ትልቁ ሐውልት 33 ሜትር፣ 520 ቶን ይገመታል፤ አንድ ወጥ!

ምርቴ፦ እሱማ ወድቆ ተሰባብሯል። የኔ እብነ በረድ ዘመድ መሆኑ ነው 😂

የጉለሌ ጠራቢ፦ መሠረቱ ጥልቀት ስላልነበረው ነዋ! ሌላኛውን፣ 24 ሜትሩን ሐውልት ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1937 ወስዶ ሮም አቆመው፣ በ2002 መብረቅ መታው፣ በ2005 በሦስት ተቆርጦ በአውሮፕላን መጣ፣ በ2008 ቆመ። ጥራት የሌለው ድንጋይ ይህን ሁሉ ይችላል?

ሰፈሬ ፒያሳ፦ አክሱምን ተዉትና አዲስ አበባን እዩ። አያቴ ቤት ጥርብ ድንጋይ ነው፣ በሩ ዙሪያ የአምቦ ድንጋይ። ግድግዳው ንቅንቅ አላለም። አጎቴ ግን ሴራሚክ ለጠፈበት፤ በሁለት ክረምት ረገፈ።

ምርቴ፦ አምቦማ አሸዋ ድንጋይ ነው፤ ውሃ ይመጥጣል፣ ይጠቁራል።

ሰፈሬ ፒያሳ፦ ይጥቆር! ያምርበታል።

የጉለሌ ጠራቢ፦ ኮብልስቶኑንስ? ስንቱ ወጣት በመዶሻ ጠርቦ እንጀራ በላበት። እሱም ጥራት የለውም?

ምርቴ፦ በታኮ ሂድበትና ንገረኝ።

ጂኦ፦ ኮብሉ ደግሞ አብዛኛው ባዛልት ነው።

የጉለሌ ጠራቢ፦ አንተ ሰውዬ ከማን ወገን ነህ?

ጂኦ፦ ከድንጋዩ።

ምርቴ፦ ይሄን ሁሉ ጽፋችሁ ካሬው ስንት እንደሆነ አንድ ሰው አልነገረኝም።