ሜንዴል ያገኘውን ነገር 34 ዓመት ሙሉ ለምን ማንም ልብ አላለውም?

ማለዳ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን ስለ ዘር ውርስ ታሪክ እያነበብኩ ነው፣ አንድ ነገር ግን አልገባ ብሎኛል። መነኩሴው ግሬጎር ሜንዴል የአተር ሙከራውን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1866 ነው (ሌሎቹንም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ደ ፍሪስ፣ ኮረንስና ቼርማክ የተባሉ የእጽዋት ተመራማሪዎች እንደገና ያወጡት ደግሞ በ1900። በመሃል 34 ዓመት አለ! ሰውየው በ1884 ሲሞት ሥራው የት እንደሚደርስ ሳያይ ነው የሄደው። መጽሔቱ ያልታወቀ ስለነበር ማንም አላነበበውም የሚል መልስ አይቻለሁ፣ ግን አላረካኝም።

ሁለተኛው ጥያቄዬ ይብሳል። አባቴ በጣም ረጅም ነው፣ እናቴ አጭር ናት፣ እኔ መሃል ላይ ነኝ፣ ወንድሜም እንደዚያው። ሜንዴል ረጅምና አጭር አተር ሲያዳቅል ግን ልጆቹ ሁሉ ረጅም ሆኑ እንጂ መካከለኛ አልወጣም። ታዲያ ሰው ላይ ሲታይ የድሮዎቹ "የእናትና የአባት ደም ይቀላቀላል" ያሉት ልክ አይመስልም?

መምህር_ዘ፦
ማለዳ፣ መልሱ ያላረካሽ ወደሽ አይደለም። "ማንም አላነበበውም" የሚለው ተደጋግሞ ተደጋግሞ እውነት የመሰለ ነገር ነው። ሜንዴል የሚኖርባት የብሩን ከተማ የተፈጥሮ ሳይንስ ማኅበር መጽሔቱን ከመቶ ለሚበልጡ ተቋማት ይልክ ነበር። ሜንዴልም ጽሑፉን ለብቻው በ40 ቅጂ አሳትሞ ለምሁራን ልኳል። አንዱ የደረሰው የሙኒኩ ካርል ኔግሊ ነው፣ በጊዜው ስመ ጥር የእጽዋት ተመራማሪ። አንብቦታል፣ መልስም ጽፎለታል፣ ለዓመታት ተጻጽፈዋል። ግን አልተዋጠለትም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባስተማርኩት ቁጥር ያሳዝነኛል። ኔግሊ የሚያጠናው ሂራሲየም የሚባል ቢጫ አበባ ያለው የሜዳ ተክል ነበር። ሜንዴልም በአተር ያገኘው የውርስ ሕግ ከአተር ውጪ ይሠራ እንደሆነ ለማየት ወደዚሁ ተክል ገባ። አበባዎቹ ደቃቅ ናቸው፣ አንድ በአንድ በማጉያ መነጽር እያዩ ነው የሚዳቀሉት፣ ዓይኑን እስኪያመው ድረስ ሠራበት። ውጤቱ ግን እንደ አተሩ አልሆን አለ። ምክንያቱ የታወቀው ሁለቱም ከሞቱ በኋላ ነው። ይህ ተክል አብዛኛውን ጊዜ ያለ ወንዴ ብናኝ ዘር ያፈራል፣ ልጁ የእናቱ ግልባጭ ነው። እንግዲህ የውርስን ሕግ ለማረጋገጥ ከማይሆኑት ተክሎች አንዱ ላይ ነው የወደቀው። በ1868 ደግሞ የገዳሙ አለቃ ሆነ፣ ቀጥሎ ከመንግሥት ጋር በገዳም ግብር ጉዳይ ሙግት ገባ፣ ምርምሩም በዚያው ቀረ።

ለእኔ ግን ዋናው ምክንያት ይህም አይደለም። የዘመኑ ሰዎች ጽሑፉን ያነበቡት ስለ ድቅል እጽዋት እንደተጻፈ አንድ ተጨማሪ ዘገባ አድርገው ነው። ሜንዴል ከሌሎቹ የተለየው በመቁጠሩ ነው። ድቡልቡልና የተጨማደደ ፍሬ ያላቸውን አተሮች አዳቀለ፣ ከ253 ድቅል ተክሎች 7,324 ፍሬ ሰበሰበ፣ 5,474 ድቡልቡል፣ 1,850 የተጨማደደ። ሦስት ለአንድ ማለት ነው። እዚህ ላይ ቢያቆም ኖሮ ያን ያህል አይገርመኝም ነበር። ግን ከድቡልቡሎቹ 565 ተክል አብቅሎ እንደገና ቆጠረ። 193ቱ ድቡልቡል ብቻ አፈሩ፣ 372ቱ ሁለቱንም ዓይነት። ዓይን ሁሉንም አንድ ዓይነት ያያቸዋል፣ ከውስጥ ግን ሁለት ሦስተኛው የሚያህሉት መጨማደዱን ደብቀው ይዘው ነበር።

በ1866 ይህን ከምን ጋር ታያይዢዋለሽ? ክሮሞሶም (ውርስን የሚሸከመው የሴል ውስጥ ክር) እንዴት እንደሚከፈል ገና በደንብ አልታየም። በ1900 ሲነበብ ግን ማይክሮስኮፕ ሥር ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚለያዩ ክሮች ይታወቁ ነበር፣ ሁለት ሦስት ዓመት ሳይሞላ ሰተንና ቦቬሪ የተባሉ ተመራማሪዎች የሜንዴልን ሕግ ከክሮቹ ጋር ገጠሙት።

ተጠራጣሪው፦
መምህር፣ የስታቲስቲክስ ሊቁ ሮናልድ ፊሸር በ1936 የሜንዴል ቁጥሮች ከሚገባው በላይ ያምራሉ ብሎ መጻፉ ለምን አይነሳም? ቁጥሮቹ ለተጠበቀው ውጤት ከመጠን በላይ ቅርብ ናቸው። ይህን ሳንናገር ሰውየውን ብቻ ማድነቅ ልክ አይመስለኝም።

መምህር_ዘ፦
መነሳቱ ተገቢ ነው ወንድሜ። ክርክሩ እስካሁን አለ፣ ፊሸር ራሱም ምናልባት የሚጠበቀውን የሚያውቅ ረዳት አስተካክሎት ይሆናል ብሎ ነው የገመተው። ግን ከ1900 በኋላ ብዙ ሰዎች አተሩን እየዘሩ ቆጥረውታል፣ ሦስት ለአንዱ አልተናጋም። ሕጉ በሜንዴል ደብተር ላይ ብቻ የቆመ አይደለም።

ቁጥር_ወዳጅ፦
ሁለተኛውን ጥያቄ እኔ ልሞክር። ማለዳ፣ በሐሳብሽ ብቻሽን አይደለሽም፣ ዳርዊንንም ያስጨነቀው ይኸው ነው። ውርስ እንደ ቀለም የሚቀላቀል ከሆነ በየትውልዱ ልዩነቱ እየሟሟ ይሄድና ሁሉም አንድ መልክ ይሆናል። በ1867 ፍሌሚንግ ጄንኪን የሚባል መሐንዲስ ይህንኑ ጽፎ ዳርዊንን አስቸግሮታል። ዳርዊን በበኩሉ ከመላው ሰውነት ደቃቅ ቅንጣቶች ወጥተው ወደ ዘር ይሰበሰባሉ የሚል መላምት በ1868 አወጣ። የአክስቱ ልጅ ጋልተን ቅንጣቶቹ በደም ይዞሩ እንደሆነ ለማየት የአንዱን ዓይነት ጥንቸል ደም ለሌላው ሰጠና አዋለዳቸው። የግልገሎቹ ቀለም አልተለወጠም። እና ቅንጣቶቹ በደም ይዞራሉ የሚለው ጥንቸል ላይ ተፈትኖ ወድቋል።

ታዲያ አንቺ ለምን መሃል ላይ ወጣሽ? አንድ ሳንቲም ወርውሪ፣ ወይ ዘውድ ነው ወይ ጎፈር፣ መሃል የሚባል የለም። የሜንዴል አተር እንደዚህ ነው፣ ረጅምና አጭሩን የሚለየው አንድ ጂን (ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ የውርስ ክፍል) ነው። አሁን 20 ሳንቲም አንድ ላይ ወርውሪና ዘውዱን ቁጠሪ። ብዙ ጊዜ 10 አካባቢ ይወጣል፣ 20 ወይም ዜሮ ማየት ግን የማይታሰብ ያህል ነው። እያንዳንዱ ሳንቲም ግን አሁንም ወይ ዘውድ ወይ ጎፈር ነው፣ አንዱም አልተቀላቀለም። የሰው ቁመትም እንዲሁ የብዙ ጂኖች ድምር ነው። ፊሸር በ1918 በሒሳብ አሳየው፣ በ2022 ደግሞ ከ5 ሚሊዮን በላይ ሰዎች የተካተቱበት ጥናት ከቁመት ጋር የተያያዙ ወደ 12,000 የሚሆኑ የዲኤንኤ ልዩነቶች አገኘ። አመጋገብና ጤናም የራሳቸው ድርሻ አላቸው።

ሌላም ማጣሪያ አለ። ቁመታቸው መካከለኛ የሆኑ ባልና ሚስት ከሁለቱም የሚበልጥ ልጅ ሲወልዱ አይተሽ አታውቂም? መቀላቀል ቢሆን ኖሮ ያ ልጅ ከየት ይመጣል?

አረንጓዴ_ቅጠል፦
የምሠራው የእጽዋት ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው፣ አንድ ነገር ልጨምር። የተጨማደደው አተር ሚስጥር በ1990 ተፈትቷል። ስኳር ወደ ስታርች (ፍሬው ውስጥ የሚከማች ዱቄታማ ንጥረ ነገር) ሲለወጥ ስታርቹ ቅርንጫፍ እንዲያወጣ የሚያደርግ ኤንዛይም አለ። በተጨማደደው አተር ውስጥ የዚህ ኤንዛይም ጂን መሃል ላይ 800 ገደማ የዲኤንኤ ፊደል ገብቶ አበላሽቶታል። ስታርቹ ሲያንስ ስኳሩ ይከማቻል፣ ስኳር ደግሞ ውሃ ይስባል፣ ፍሬው እርጥብ እያለ ያብጣል። ሲደርቅ ውሃው ይወጣና የተለጠጠው ልጣጭ ተርፎት ይጨማደዳል።

እኔን የሚገርመኝ ግን ድቅሉ ነው። በዓይን ሲያዩት ሙሉ ድቡልቡል ነው። ሰንጥቆ የስታርቹን ቅንጣት በማይክሮስኮፕ ያየ ሰው ግን ከሁለቱም ወላጆች የተለየ፣ መካከለኛ መልክ ያገኛል። ስለዚህ "ዶሚናንት" የምንለው እስከምን ድረስ ዘልቀን እንዳየን ላይ የተመሠረተ ነው። ልጣጩ ላይ ካቆምን አንዱ ሌላውን ውጦታል፣ ውስጡ ስንገባ ሁለቱም ጂኖች እዚያው አሉ። ማለዳ መሃል የሚባል ነገር አልወጣም ያልሽው ለዚህ ነው የከነከነኝ፣ ወጥቶ ነበር፣ ከልጣጩ ሥር ስለሆነ እንጂ።

ማለዳ፦
በጣም አመሰግናለሁ። መምህር፣ የሂራሲየሙ ታሪክ ልቤን ነክቶታል፣ እርስዎ ባይጽፉት አላውቀውም ነበር። አረንጓዴ ቅጠል፣ የስታርቹን ፎቶ ካለህ እባክህ እዚህ ለጥፍልን።

ሳንቲሙን ደግሞ አሁን ወንድሜን ቁጭ አድርጌ ሞከርነው። 20 ሳንቲም፣ አሥር ጊዜ። ዘውዱ 9፣ 11፣ 10፣ 12፣ 8፣ 10፣ 13፣ 9፣ 11፣ 6 ወጣ። በአርባ ሳንቲም ደግመን ልናየው ነው።