ጥቆማ፦ ጫጩት፣ ቄብና እንቁላል ጣይ በአንድ ግቢ ላላችሁ፣ የቱ መኖ ይሻላል?

ይቺ ጥያቄ ደጋግማ ትመጣለች። «እንቁላል የሚጥሉ ጥቂት የቦቫንስ ዝርያ ዶሮዎች አሉኝ፣ አሁን ደግሞ ሳሶ ከሚባለው ዝርያ የ45 ቀን ጫጩቶች ጨመርኩ። ሁለት ዓይነት መኖ መግዛት ከበደኝ፤ አንዱን ለሁሉም ብሰጥስ?» ትንንሾቹ 8 ሳምንት ከሞላቸው ይቻላል። ችግሩ ብዙ ሰው ለሁሉም ብሎ የሚገዛው የእንቁላል ጣይ መኖን መሆኑ ነው።

የእንቁላል ጣይ መኖ ከ3.5 እስከ 4 በመቶ ካልሲየም አለበት፤ ለእንቁላል ቅርፊት ታስቦ ነው። ገና ላልጣለች ቄብ ግን 1 በመቶ ገደማ ይበቃታል። ትርፉ ኩላሊቷን ይጎዳል። ጉዳቱ ቶሎ ስለማይታይ «የኔዎቹ ምንም አልሆኑም» የሚል አይጠፋም። ለፋሲካ የምትጠብቁት አውራ ዶሮም ቢሆን ያን ሁሉ ካልሲየም ምን ያደርግለታል?

ስለዚህ የኔ ምርጫ ለሁሉም የቄብ መኖ ነው፤ ሻጮች ግሮወር የሚሉት። ካልሲየሙን ለብቻው፣ በሌላ ዕቃ አስቀምጡ። የምትጥል ዶሮ ሲያስፈልጋት ራሷ ሄዳ ትለቅመዋለች። ቄቦቹ ቀመስ አድርገው ይተዉታል። የቤት እንቁላል ቅርፊት ካላችሁ እሱም ይሆናል፤ ግን በደንብ አድርቃችሁ ወይም አመስ አድርጋችሁ አድቅቁት። ቅርፊትነቱ ከታወቃቸው እንቁላል መብላት ሊለምዱባችሁ ይችላሉ። ኖራ ከገዛችሁ ደግሞ ለመኖ የተፈጨ መሆኑን ጠይቁ። የግድግዳ ኖራ እንዳትሰጧቸው አደራ።

ከ8 ሳምንት በታች ለሆኑ ጫጩቶች ግን የቄብ መኖ አይበቃም። እነሱ 20 በመቶ ገደማ ፕሮቲን ያለው የጫጩት መኖ ይፈልጋሉ፤ የቄብ መኖ ከ16 እስከ 18 ቢሆን ነው። እናት ዶሮ ጫጩት ይዛ ከትልልቆቹ ጋር ከዋለች የቲማቲም ሳጥን ፈልጉ። ገልብጣችሁ አራቱን ጥግ በጡብ ከፍ አድርጉትና መኖውን ከስር አስቀምጡ። ጫጩቶቹ ሾልከው ገብተው ይበላሉ። ትልልቆቹ አንገታቸውን ቢያሰግጉም አይደርሱበትም፤ መሃል ላይ እስካስቀመጣችሁት ድረስ። አንዳንድ የጫጩት መኖ የኮክሲዲያ (የዶሮ አንጀት የሚያጠቃ ጥገኛ ተውሳክ) መድኃኒት ስለሚደባለቅበት እንቁላል ጣዮቹ እንዳይበሉት ይህ ዘዴ በሁለት በኩል ይጠቅማል። መድኃኒት አለበት ወይ ብሎ ሻጩን መጠየቅም ደግ ነው።

ከየት እንግዛ ለምትሉ፦ አቅሙ ካለ የፋብሪካ መኖ በሙሉ ጆንያ ይሻላል። ቢሾፍቱ አካባቢ ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ፤ አለማ ኮውዳይስን ጨምሮ የመኖ አምራቾች እዚያው ናቸው። አንድ እንቁላል ጣይ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም ትበላለች። አሥር ዶሮ ላለው ሰው 50 ኪሎ ጆንያ ከ40 ቀን በላይ ይሄዳል ማለት ነው። ጆንያው ላይ የተመረተበትን ቀን እዩ።

በኪሎ እየተመዘነ የሚሸጠው ለኪስ ይቀላል፣ ግን መቼ እንደተከፈተ አታውቁም። እፍኝ ሙሉ አንሱና ጨበጥ አድርጉት። ከጓጎለ፣ ከሞቀ ወይም የሻገተ ሽታ ካለው በግማሽ ዋጋም አትውሰዱት።

ራሳችሁ የምትቀምሙ ደግሞ በቆሎና ፉርሽካ ብቻውን አይበቃም። የኑግ ፋጉሎ፣ ዘይቱ ተጨምቆ የሚቀረው፣ ርካሽ ነው፣ ፕሮቲንም አለው፤ ነገር ግን ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል ያንሰዋል፣ ገለባውም ይበዛል። አኩሪ አተርና የቫይታሚን ፕሪሚክስ (ተቀምሞ የሚሸጥ ድብልቅ) ሳይጨምሩ በሱ ላይ ብቻ መደገፍ አያዋጣም። ሻጋታውንም አትናቁ። በ2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዙሪያ ወተት ላይ አፍላቶክሲን (ሻጋታ የሚያመነጨው መርዝ) ተገኘ ሲባል ጣት የተቀሰረበት ይኸው ፋጉሎ ነበር። ለጥቂት ዶሮ መቀመሙ ከድካሙ አንጻር ብዙም አይታየኝም። መቶና ከዚያ በላይ ካላችሁ ግን ሂሳቡ ይለወጣል።

መኖ ስትቀይሩ በአንድ ቀን አታድርጉት። አዲሱን ከአሮጌው እየደባለቃችሁ በሳምንት ውስጥ አሸጋግሩ። ሁሉም ቄቦች መጣል ሲጀምሩ፣ ብዙውን ጊዜ ከ18 እስከ 20 ሳምንት ላይ፣ ያኔ ሙሉ በሙሉ ወደ እንቁላል ጣይ መኖ መግባት ትችላላችሁ።